ለትርፍ ጊዜ ሻጭ የትኛው የኦንላይን ገበያ ያዋጣል? ኢቤይ፣ ኤትሲና ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ከሻጩ ወገን ሲታዩ

ያገለገለ እቃ በኢንተርኔት ለመሸጥ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ገበያ አነስተኛ ኮሚሽን እንደሚቆርጥ ነው። አሮጌ የፊልም ካሜራዎችንና ሌንሶችን በትርፍ ጊዜዬ ስሸጥ የተረዳሁት ግን ምርጫው ከገበያው ሳይሆን ከእቃው መጀመር እንዳለበት ነው። እቃው ትንሽና ቀላል፣ ፈላጊዎቹ ጥቂት ሆነው በየአገሩ የተበተኑ ከሆነ ኢቤይ ኮሚሽኑን ወስዶም ቢሆን ያዋጣል፤ እቃው ከባድ ወይም በየቤቱ የሚገኝ ዓይነት ከሆነ ግን ኢቤይ ላይ ማውጣቱ ድካም እንጂ ትርፍ የለውም።

ኢቤይን እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረተው ፒየር ኦሚድያር ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሸጠው እቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ እንደነበረና በ14.83 ዶላር እንደሄደ በኩባንያው ታሪክ ይነገራል። ገዢው እቃው የተበላሸ መሆኑን እያወቀ የገዛው የተበላሹ መጠቆሚያዎችን ይሰበስብ ስለነበር ነው። ዛሬም የኢቤይ ዋና ጥቅም ይኸው ነው፤ ለጎረቤት ምንም የማይረባ ነገር ለአንድ ሰብሳቢ ሲፈልገው የኖረ እቃ ሊሆን ይችላል፣ ያንን ሰው የማግኘቱ ዕድል ደግሞ እንደዚህ የሰፋበት ሌላ ገበያ እኔ አላየሁም።

ሁለተኛው ጥቅም ተሸጠው ያለቁ እቃዎችን ለይቶ የሚያሳየው ማጣሪያ ነው። ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ ምኞታቸውን ሲነግረን፣ የተሸጠበት ዋጋ ግን የገበያውን ልክ ይነግረናል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ከእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማውጣቴ በፊት ይህን ማጣሪያ ከፍቼ ያንኑ ሞዴል፣ በተመሳሳይ ይዞታ፣ ሰዎች በስንት እንደወሰዱት እመለከታለሁ። እቃዬን ሌላ ቦታ ለመሸጥ በወሰንኩ ጊዜ እንኳ ዋጋውን የምተምነው እዚሁ ገብቼ ነው።

ጨረታን በተመለከተ አዲስ ሻጮች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በኢቤይ አሠራር ተጫራቹ እስከ ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆነ በምስጢር ያስገባል፤ ሥርዓቱም ከሌላው ተጫራች በትንሹ ብቻ እያስበለጠ ዋጋውን ይጨምርለታል። ይህ ማለት አንድ ሰው ሁለት መቶ ዶላር አስገብቶ ቢጠብቅም ተፎካካሪ ካልመጣ እቃውን በመነሻው ዋጋ ይወስደዋል ማለት ነው፤ ዋጋ የሚወጣው ቢያንስ ሁለት ፈላጊዎች ሲፋለሙ ነውና። መነሻውን አንድ ዶላር አድርጎ በዕድል ማመን የሚያስኬደው ብዙ ፈላጊ ላለው እቃ ብቻ ነው። ፈላጊው ጥቂት ከሆነ ቁርጥ ዋጋ አስቀምጦ፣ ድርድር የሚፈቅደውን አማራጭ ከፍቶ መጠበቅ ይሻላል።

ወደ ኮሚሽኑ ስንመጣ፣ በአሜሪካው ኢቤይ በአብዛኛዎቹ ዘርፎች የሚቆረጠው ከ13 በመቶ ትንሽ ያልፋል። ሻጩን የሚያስቆጣው ግን መቶኛው ሳይሆን የሚሰላበት መንገድ ነው፤ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ገዢው በከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ስለሆነ ለፖስታ ቤት የሚሄደው የመላኪያ ሒሳብም ይቆረጥበታል። በ100 ዶላር በተሸጠ እቃ ላይ 20 ዶላር የመላኪያ ቢጨመር፣ በ13 በመቶ ስሌት የሚቆረጠው 13 ሳይሆን 15.60 ዶላር ይሆናል። በአንዳንድ አገሮች ሁኔታው ተቀይሯል፤ ኢቤይ በጀርመን ከ2023፣ በብሪታንያ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ለግል ሻጮች የሽያጭ ኮሚሽኑን አንስቷል፤ በብሪታንያ ግን በኋላ ክፍያው ዞሮ በገዢው ላይ መጥቷል።

የኢቤይ ደንብ ወደ ገዢው ያደላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ2008 ወዲህ ሻጭ ለገዢ አሉታዊ አስተያየት መስጠት አይችልም፤ ገዢው «እቃው እንደተገለጸው አይደለም» ብሎ ካመለከተም፣ ሻጩ መመለስን ባይፈቅድ እንኳ ገንዘቡን መልስ ሊባል ይችላል። ከዚህ የሚያድነው ጥንቃቄ የተሞላበት መግለጫ ብቻ ነው። ሌንስ ስሸጥ የፊቱን መስታወት ብቻ አንስቼ አልተውም፤ ዲያፍራሙን፣ ማለትም ብርሃን የሚያልፍበትን የሚጠብና የሚሰፋ ቀዳዳ፣ ሙሉ በሙሉ ከፍቼ፣ ከኋላ በባትሪ እያበራሁ ውስጡን አነሳለሁ፤ በቀን ብርሃን የማይታየው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ የሚጋለጠው ያኔ ነውና። የመለያ ቁጥሩም በግልጽ የሚነበብበት ፎቶ እጨምራለሁ፤ ተመላሽ ቢመጣ የእኔው ሌንስ መሆን አለመሆኑን የማረጋግጥበት ሌላ መንገድ የለኝም። ጭረቱን፣ አቧራውንና የላላውን ቀለበት አስቀድሞ የተናገረ ሻጭ የሚያጣው ገዢ ጥቂት ነው፤ ሰብሳቢዎች እንዲያውም ጉድለቱን በዝርዝር የጻፈውን ያምኑታል።

ማሸጊያውም የዋጋው አካል ነው። ብዙ የጭነት ድርጅቶች ክፍያውን የሚተምኑት በክብደት ብቻ ሳይሆን ሳጥኑ በሚይዘው ቦታ ጭምር ስለሆነ፣ ቀላል እቃ በትልቅ ካርቶን መላክ ትርፉን ይበላል። ስለዚህ አሽጌ፣ መዝኜና ለክቼ ሳልጨርስ የመላኪያ ዋጋ አላስቀምጥም።

ኤትሲ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ ሲሆን በእጅ ለተሠራ ነገር፣ ለእጅ ሥራ ግብዓትና ቢያንስ 20 ዓመት ለሞላው አሮጌ እቃ የሚሆን ገበያ ነው። አንድ እቃ ለአራት ወር ለማውጣት 0.20 ዶላር ያስከፍላል፤ ሲሸጥ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ 6.5 በመቶ ይቆርጣል፤ የክፍያ ማስተናገጃው ለብቻ ነው። በወረቀት ላይ ከኢቤይ የረከሰ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በሌሎች ድረ ገጾች በሚያስነግረው ማስታወቂያ በኩል ገዢ ሲመጣ ተጨማሪ 15 በመቶ ይወስዳል። ዓመታዊ ሽያጩ 10,000 ዶላር ያልደረሰ ሻጭ ይህን መዝጋት ይችላልና ሱቁን በከፈተበት ዕለት ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ቢዘጋው ይሻለዋል። ለሹራብ ሠሪ ወይም ለሸክላ ሠሪ ኤትሲን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የእኔ ሌንሶች ግን እዚያ የሚታዩት እንደ ጌጥ ነው፤ የሚጠየቀውም ስለ መልካቸው እንጂ ስለ ጥራታቸው አይደለም።

ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ በ2016 የተጀመረ ሲሆን በአካል ተገናኝቶ ለሚደረግ ሽያጭ ኮሚሽን አይጠይቅም፤ ስለሆነም ለቁም ሳጥን፣ ለብስክሌትና ለመጽሐፍ መደርደሪያ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። የሚያስከፍለው ትዕግሥት ነው። ገና ፎቶው ከመውጣቱ «እቃው አለ?» ብሎ ጠይቆ የሚጠፋው፣ መግለጫውን ሳያነብ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው፣ ቀጥሮ የሚቀረው ይበዛል። ለዚህ ያገኘሁት መላ የእቃውን ልክ፣ የሚወሰድበትን ሰዓትና የማይቀንሰውን ዋጋ በመጀመሪያው መስመር መጻፍ ነው። «እህቴ መጥታ ትወስደዋለች፣ ክፍያውን በዚህ ማስፈንጠሪያ ተቀበል» የሚል መልእክት ግን ማጭበርበሪያ ስለሆነ፣ ማስፈንጠሪያውን ሳይከፍቱ ላኪውን ወዲያው ማገድ ይገባል።