ሲያጓራ የነበረው ሚክሰሬ፣ ከፍቼ ከጠገንኩት ከ9 ወር በኋላ

ይህን የሊጥ ማቡኪያ ሚክሰር ከገዛሁት 4 ዓመት አልፎታል። ስለ እሱ ለመጻፍ ግን እስካሁን ቆየሁ። አዲስ ዕቃ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ያምራል። ጠባዩ የሚታወቀው አንዴ ታሞ ሲነሳ ነው፤ የእኔው ታሞ ከተነሳ ደግሞ 9 ወር ሆነው።

ሕመሙ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሊጥ ሳቦካ ድምፁ ወፈር አለ። ከዚያ ማጓራት ጀመረ። ሊጥ በተቦካ ቁጥር ሳሎን ያለ ሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል። አንድ ቀን የእንቁላል ነጭ እየመታሁ ቡናማ ዘይት ሳህኑ ውስጥ ጠብ አለ። ያን ቀን አጠፋሁት።

ጠጋኝ ጋ ልውሰደው ከማለቴ በፊት በደንብ አዳመጥኩት። ይህን ለማንም እመክራለሁ፤ ድምፁ ብዙ ይናገራል። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ መምቻው ሳህኑን እየነካ ይሆናል። እሱ ምንም መክፈት አይፈልግም፤ ብዙዎቹ ላይ አንገቱ አካባቢ ያለችውን የከፍታ ማስተካከያ ብሎን ትንሽ ማዞር ይበቃል። ባዶውንም የሚያጓራ ከሆነ ግሪሱ ከጥርሶቹ ላይ ሸሽቶ ይሆናል። ባዶውን ደህና ዞሮ ሊጥ ሲገባበት ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ጊር ተበልቶ ይሆናል። የእኔ ባዶውንም ያጓራል፣ ሊጥ ሲገባበት ደግሞ ቀጭ ቀጭ ይላል። የግሪሱም የጊሩም ችግር ነበረበት ማለት ነው።

ከሶኬት ነቀልኩት። እያንዳንዱን ደረጃ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ፣ ብሎኖቹን በአወጣጣቸው ተራ ባዶ የእንቁላል መያዣ ውስጥ ደረደርኩ። ብሎኖቹ በተራ ካቻቢቴ ወጡ። ያስቸገረችኝ መምቻው የሚሰካበትን ተሽከርካሪ ክፍል ከዘንጉ ጋር የያዘችው ትንሽ ፒን ናት። ቀጠን ያለ ብረት አስጠግቼ በመዶሻ ቀስ እያልኩ ስመታት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሠሪዎቹ እዚህ ጋ ትንሽ ቢያስቡልን ጥሩ ነበር።

ክዳኑ ሲነሳ ያየሁት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ግሪሱ ሞልቷል፤ ግን ሁሉም ወደ ዳር ሸሽቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ስኳር ጠቁሯል። መሃል ላይ እርስ በርስ የሚፋጩት የጊሮቹ ጥርሶች ደረቅ ናቸው። በጣቴ ስነካቸው ብረቱ ራሱ ተሰማኝ። ግሪስ ሲያረጅ ዘይቱ ይለይና ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠጣሩ ክፍል ይቀራል። ሳህኔ ውስጥ ጠብ ያለው እሱ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ሚክሰር ውስጥ ለጥርስ ብዙ ሥራ አለ። መምቻው በራሱ እየዞረ ሳህኑንም ይዞራል፤ ምድር በራሷ እየዞረች ፀሐይን እንደምትዞር ማለት ነው፣ ፕላኔታሪ የተባለውም ለዚህ ነው። ከጊሮቹ አንዱ ሆን ተብሎ ከሌሎቹ ደከም ብሎ የተሠራ ነው። ጭነት ሲበዛ እሱ ይበላና ሞተሩን ያተርፋል። የእኔ ላይ ሁለት ጥርሶቹ ጫፋቸው ተልጧል። ከማሽኑ ሥር ባለው የሞዴል ቁጥር ልኩን አግኝቼ ቀየርኩት።

አሮጌውን ግሪስ በእንጨት ማንኪያና በወረቀት አንድም ሳላስቀር ጠረግኩ። የተለያዩ ግሪሶች ሲደባለቁ ሊቀጥኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ አዲሱን በአሮጌው ላይ መጨመር አይሆንም። የመኪና ግሪስም አይሆንም፤ ምግብ ላይ ሊንጠባጠብ ይችላልና። ኤች 1 የሚል ምልክት ያለው፣ ለምግብ ማሽን የሚሆን ነው የገዛሁት። ጥርሶቹን በደንብ አለበስኩ፣ ዘጋሁ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ጥቂት ደቂቃ ባዶውን አዞርኩት። ማጓራቱ ጠፋ! እዚያው ቆሜ ሳዳምጠው ቆየሁ።

ደስታዬ ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ቆየ፤ ዘይት እንደገና ታየ። ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የምትከለክለውን ቀለበት፣ አጣምሜ ነበር የመለስኩት። ያን ሁሉ ብሎን ድጋሚ ፈታሁ። እናንተ ስትዘጉ ቀለበቷ ቦታዋን መያዟን በጣታችሁ ዙሪያዋን ዳስሳችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሊጥ ያቦካል። በስድስተኛው ወር ከወትሮው የበዛ ብልጭታና ሽታ መጣ። የሞተሩ ካርቦኖች፣ ማለትም ለሚዞረው ክፍሉ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ትናንሽ ቁራጮች፣ አልቀው ነበር። ጎንና ጎን ያሉትን ሁለት ክዳኖች በካቻቢቴ ፈትቼ ሁለቱንም ቀየርኩ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ሽታው ካርቦን ተቀይሮም ካልጠፋ ወይም ጭስ ከታየ ግን ለባለሙያ ስጡት፣ እኔም አልነካውም ነበር።

አጠቃቀሜም ተቀይሯል። ድሮ ሊጡ ቶሎ እንዲደርስ ፍጥነት እጨምር ነበር። አሁን ሊጥ ከሆነ ከ2 አላልፍም፤ ጠንከር ካለ ለሁለት ከፍዬ አቦካለሁ። አናቱ በእጅ ሲነካ ከሞቀ አሳርፈዋለሁ። ጊሬን የበላው ያ የድሮው ጥድፊያዬ መሆኑን አምናለሁ።

ፀጥ ያለ ማሽን አልሆነም። ብረት ከብረት ጋር የሚነካካበት ስለሆነ ወጥ የሆነ ጉምጉምታ አለው። አጠገቡ ቆሜ ግን ስልክ አወራለሁ። የቀረው አንድ ነገር አንገቱን የያዘው ፒን ነው። ላልቶ ሊጡ ሲከብድ አናቱን ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል። አዲሱን ፒን አዝዣለሁ፤ እስኪመጣ ግን ጠንካራ ሊጥ በእጄ ነው የማቦካው።