ከእንጦጦ እስከ አራዳ፦ የአንድ ቀን የቅርስ ጉዞ ሲገመገም

የመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተዋውቁት ራቅ ያሉ ገዳማትን ሲሆን፣ ባለፈው ወር የተሳተፍኩበት ጉዞ ግን ከአዲስ አበባ ሳይወጣ የአገርን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለማሳየት የታሰበ ነበር። የተጎበኙት እንጦጦ ማርያም፣ አራዳ ጊዮርጊስ፣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትና ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ናቸው። ለመጓጓዣ፣ ለጾም ምሳና ለሙዚየም መግቢያ በድምሩ 900 ብር ከፍያለሁ። ቅሬታዬንም ስለምጽፍ የማኅበሩን ስም አላነሣም።

አውቶቡሱ ከተባለው ሰዓት 50 ደቂቃ ዘግይቶ ስለመጣ እንጦጦ ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበትን ደብር በጥድፊያ ማየት ያሳዝናል፤ ሙዚየሙንም ገባ ብለን ወጣን ለማለት ያህል ብቻ ነው ያየነው።

የጉዞው ዋጋ የታወቀኝ አራዳ ጊዮርጊስ ስንደርስ ነው። አዘጋጆቹ ቀኑን ሆን ብለው ወር በገባ በ23 አድርገውታል፤ ከውሳኔዎቻቸው ሁሉ የተዋጣለትም ይኸው ይመስለኛል። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ታቦቱም ከዘማቹ ጋር ወርዶ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ካቴድራል የነገሡትም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ቀናት ከዚህ በፊት በመጽሐፍ አንብቤያቸዋለሁ፤ ነጠላውን ያጣፋ ሕዝብ ስምንት ማዕዘን ያለውን ሕንፃ ዙሪያውን ከቦ ደጁን ሲሳለም ማየት ግን የብሔራዊው በዓልና የወርኃዊው መታሰቢያ ቀን አንድ መሆናቸውን ያለ ገላጭ ያስረዳል። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች ቀና ብለን እያየን ሳለ ከኋላችን የአንዲት እናት መቁጠሪያ ቅጭልጭል ይል ነበር፤ እርሳቸው የመጡት ለጉብኝት ሳይሆን ለስለታቸው ነው።

አስጎብኚው ወጣት መምህር ዕውቀቱ ሰፊ ነው። ሆኖም በድምፅ ማጉያ መናገሩን ማንም ሊያስተወው አልቻለም፤ ጸሎት ላይ ያሉ ምእመናን ዞር ዞር እያሉ ሲያዩን አፍሬያለሁ። ሌላው ቅሬታዬ ጠለቅ ይላል። ስለ አንድነት ሲናገር «ሁላችንም አንድ ነን» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ከማለት በቀር በምን አንድ እንደሆንን ለማሳየት ብዙም አልደከመም። ማስረጃው እኮ እጁ ላይ ነበር። ራስ መኮንን ከሐረር፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም፣ ራስ ሚካኤል ከወሎ፣ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ ከትግራይ ሠራዊታቸውን ይዘው አንድ ግንባር ላይ መገናኘታቸውን ቢተርክ ከመፈክር ይልቅ ይገባን ነበር። ከዘማቾቹ መካከል ሙስሊሞች እንደነበሩም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሞ መናገር ነውር የለውም፤ እንዲያውም ለእንዲህ ያለ ጉዞ ተገቢው ስፍራ እዚያ ነው። እርሱ ግን ዘለለው።

ደግነቱ፣ ግቢው ውስጥ ዘንጋቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ አዛውንት ሲያዳምጡን ቆይተው ጠጋ አሉ። መምህሩም ማጉያውን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩን» አላቸው። ፋሺስቶች በየካቲት 1929 ዓ.ም. ካቴድራሉን ሲያቃጥሉ አባታቸው ጢሱን ከጉለሌ ሆነው እንዳዩትና እናታቸውን ይዘው ሌሊቱን በእግር እንደወጡ ነገሩን። አነጋገራቸው ዝግ ያለ ነበር፤ አንዳንዴም ያቋርጡና መዳፋቸውን ከድንጋዩ ግድግዳ ላይ ያሳርፋሉ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ነገር ግን ከአርባ የማያንስ መንገደኛ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ያዳመጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አዘጋጆቹ እንዲህ ያሉ የደብር ሽማግሌዎችን አስቀድመው ቢያነጋግሩና በመርሐ ግብሩ ቢያካትቱ ጉዞው ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ተራምደን አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሥር ቆምን። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የተገደሉት ጳጳስ ሐውልት ለባቡር ሐዲዱ ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው መመለሱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እዚህ ላይ መምህሩ አጭርና ልክ ነበር፤ የሚመሰገን ነው።

ቅድስት ሥላሴ የደረስነው ከምሳ በኋላ ደክሞን ነው። የቀረን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን መካነ መቃብር ላይ አለቀ። ውጭ ያረፉትን አርበኞችና ከነርሱ አጠገብ የተቀበረችውን የኢትዮጵያን ወዳጅ እንግሊዛዊቷን ሲልቪያ ፓንክረስትን በሩጫ አለፍናቸው። የመቃብር ጽሑፎቹን ቆሞ ለማንበብ ብቻ አንድ ሰዓት አይበቃም።

በአንድ ቀን አራት ቦታ በዝቷል። ማኅበሩ እንጦጦን ለብቻው ቢያደርግና ከጊዮርጊስ እስከ ሥላሴ ያለውን በእግር ቢያስኬደን 900 ብሩን ያለ ቅሬታ ደግሜ እከፍላለሁ። ለመሄድ ያሰበ ሰው ነጠላና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ይያዝ፤ 23 በዋለ ቀን ደግሞ ከአውቶቡሱ ቀድሞ በራሱ ታክሲ ጊዮርጊስ ቢገኝ ቅዳሴው አያመልጠውም።