አውራ ዶሮው አምሮባችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

የድሮ የእንስሳ ብሮሽ (ልብስ ላይ በመርፌ የሚሰካ ጌጥ) የምትሰበስቡ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ ተጠንቀቁ። ሰሞኑን በየማህበራዊ ሚዲያው «የትሪፋሪ ጄሊ ቤሊ» እየተባለ የሚሸጠው በዝቷል። ካየኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ ፎርጅድ ናቸው።

ለማያውቅ ልንገር። ጄሊ ቤሊ ሆዱ ሉሳይት በሚባል፣ መስታወት በሚመስል ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሠራ ብሮሽ ነው። አውራ ዶሮ አለ፣ እንቁራሪት አለ፣ ዳክዬ አለ። የኒውዮርኩ የጌጥ ድርጅት ትሪፋሪ በ1940ዎቹ ሲያወጣቸው ዋና ዲዛይነሩ አልፍሬድ ፊሊፕ ነበር። አርቲፊሻል ጌጥ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ደህናው ዛሬ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ፎርጅዱን የጠራውም ይኸው ነው።

አንዲት ጓደኛዬ «የ1943፣ ስተርሊንግ ሲልቨር» የተባለ አውራ ዶሮ ገዛች። ፊቱ ያምራል፣ ፈርጦቹም ያበራሉ። ገልብጠን በአጉሊ መነጽር ስናየው ግን ጉድ ነው። የትሪፋሪ ስም ላይ ያለችው ዘውድ ደብዝዛ ጉብታ መስላለች። ከኦሪጅናሉ ላይ ቅርጽ ወስደው አዲስ ሲያፈሱ ማህተሙም አብሮ ይገለበጣል፤ ጥራቱ ግን ይወርዳል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ጌጡ ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። ስለዚህ «ማህተም አለው» ቢሏችሁ አይበቃም።

ከዘውዷ ጎን ደግሞ 925 የሚለው የስተርሊንግ ብር የጥራት ቁጥር ተቀርጿል። በጦርነቱ ጊዜ ተራ ብረቶች ለጌጥ ስለተከለከሉ ትሪፋሪ በብር መሥራቱ እውነት ነው፤ ግን የሚጽፈው «ስተርሊንግ» ብሎ በቃል ነበር። ይባስ ብሎ በክብ ውስጥ ያለችው የቅጂ መብት ፊደል አለች። ትሪፋሪ ጌጥም እንደ ጥበብ ሥራ በቅጂ መብት ይጠበቅ ብሎ ፍርድ ቤት የረታው በ1955 ነው። ምልክቷ በየብሮሹ ጀርባ የተለመደችው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1943 ከየት መጣች? (ሉሳይቱ ከጦር አውሮፕላን መስኮት የተረፈ ነው የምትለዋን ወሬ ሻጮች በጣም ይወዷታል። ወሬው ግን ፎርጅዱን ኦሪጅናል አያደርገውም።)

ሻጩን ስትጠይቀው «ቪንቴጅ ስታይል ነው ያልኩት» አላት። ከዚያ ብሎክ። ገንዘቡን በፔይፓል «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው አስልኳት ነበር። በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም። ሻጭ በዚያ ላኪልኝ ካለ ንግግሩ እዚያው ላይ ይብቃ።

የፓሪሷ ዲዛይነር የሊያ ስታይን የቀበሮ ብሮሾች ጣጣቸው ሌላ ነው። ኦሪጅናል ሆነው እንኳ የኋላው ምርት ከድሮው ጋር ይመሳሰላል፤ መርፌውም ያው ነው። «የ1970ዎቹ ነው» ስለተባለ ብቻ ዋጋ አትጨምሩ።

ከመክፈላችሁ በፊት የጀርባውን ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ቁመቱንም በሚሊሜትር ጠይቁ። ቁመቱን ኦሪጅናል መሆኑ ከተረጋገጠ ጋር አስተያዩት። ጀርባውን ማሳየት ያንገራገረ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ሌላ ዶሮ አይጠፋም።