የወንጀል ገንዘብ ለበጎ አድራጎት፦ መቀበል ወይስ እምቢ ማለት?

ጅማ ውስጥ አንድ ማኅበር ለትምህርት ቤት ዴስክ መዋጮ ይሰበስባል እንበል። በኮንትሮባንድ ቡና የሚታማ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ በማዳበሪያ ይዞ መጥቶ «ስሜ አይጻፍ» ቢል፣ ኮሚቴው ምን ያድርግ?

መቀበል፦ የደጋፊዎቹ ክርክር ግልጽ ነው፤ ብሩ እሱ ጋ ከሚቀር ልጆች ቢማሩበት ይሻላል። በእስልምናም ብዙ ሊቃውንት ባለቤቱ የማይታወቅ ሐራም ገንዘብ ምንዳ ሳይታሰብበት ለድሆች ይውጣ ይላሉ። ባለቤቱ ከታወቀ ግን ይህ አይሠራም፤ ቡናው የተሰረቀ ከሆነ ገንዘቡ የገበሬው ነው። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን በሚከለክለው ሕግ ደግሞ ምንጩን እያወቁ መቀበል ራሱ ወንጀል ነው።

እምቢ ማለት፦ ዘዳግም 23፥18 ነውረኛ ገቢ ለስእለት እንዳይቀርብ ይከለክላል። ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። እምቢታው ብሩ ከመቆጠሩ በፊት መሆን አለበት። ባንክ አስገብቶ ከሳምንት በኋላ በቼክ መመለስ፣ ለሰጪው የታጠበ፣ ማለትም ሕጋዊ የመሰለ ገንዘብ ማስረከብ ነው። «በስህተት ብዙ ላክን፣ ትርፉን መልሱልን» የሚሉ ሰጪዎችም ዓላማቸው ይኸው ሊሆን ይችላል። ሂሳብ ውስጥ ቀድሞ ከገባ አታንቀሳቅሱት፤ ቀኑን፣ መጠኑንና ላኪውን በቃለ ጉባኤ መዝግቡ፣ ለባንኩና አጠራጣሪ ገንዘብን ለሚከታተለው የመንግሥት ተቋም፣ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት አሳውቁ። ለሰጪው ሪፖርት መደረጉን አትንገሩ።

እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ሐሜት ግን ማስረጃ አይደለም፣ ገበያ ውስጥ ስም ማጥፋት ርካሽ ነው። መጀመሪያ የንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን ጠይቁ፣ ክፍያውም በስሙ ከባንክ ሂሳቡ ይተላለፍ። ይህን ካሟላ ተቀበሉት።