ደከረንስ፣ ባሕር ዛፍ ወይስ ብሪኬት፦ ለላቀች ምድጃ የሚሆን ማገዶ ንጽጽር

ባሕር ዳር ውስጥ ላቀች የተባለውን ከሰል ቆጣቢ ምድጃ የገዛ ሰው ቅር ሲሰኝ የሚወቅሰው ምድጃውን ነው፤ ቶሎ አይያያዝም፣ ያጨሳል፣ ከሰል ይፈጃል ይላል። እኔም ባለፈው ክረምት እንዲሁ ብዬ የውስጡን ሸክላ አስቀየርኩ፤ ጭሱ ግን አልቀነሰም። በመጨረሻ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን አንድ ማዳበሪያ ከሰል ሸራ ላይ ዘርግፌ ሳየው ምክንያቱ ተገለጠልኝ። አፉ ላይ የተደረደረው ወፍራምና ጠንካራ ነበር፤ መሐሉ ከቀጫጭን ቅርንጫፍ የከሰለ፣ ታችኛው ሲሶ ደግሞ እርጥብ ድቃቂ ሆኖ ተገኘ። በየመካከሉም ቡናማ መልክ ያላቸው፣ ሲሰበሩ እንጨትነታቸው ገና ያልጠፋ ጉማጆች ነበሩ። ያጨሱት እነዚህ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ገዢ የሚያመነታባቸውን ሦስት ማገዶዎች፣ ማለትም ደከረንስ ከተባለው፣ ለከሰል ከሚተከለው የግራር ዝርያ ተከስሎ ከአዊ የሚመጣውን፣ የባሕር ዛፍ ከሰልንና ከተረፈ ምርት የሚጨመቀውን ብሪኬት፣ በዚያው ምድጃ ላይ እያፈራረቅሁ ስጠቀም ቆይቻለሁ። የሦስቱንም ጠባይ የሚወስኑት እርጥበት፣ አመድና ድቃቂ ናቸው። ቤታቸውን ከእንጨት ብናኝ በተጨመቀ እንክብል የሚያሞቁ የአውሮፓ ሰዎች እንኳ ምድጃቸው ሲያስቸግራቸው መጀመሪያ የሚመረምሩት እነዚህኑ ነው፤ አይኤስኦ 17225-2 የተባለው ዓለም አቀፍ የእንክብል መለኪያ ለቤት ምድጃ በሚሆነው ኤ1 ደረጃ ላይ እርጥበቱ ከ10 በመቶ፣ አመዱም ከ0.7 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እኛ ዘንድ ከሰል በማዳበሪያ ስለሚሸጥ ደረጃ የማውጣቱ ሥራ በገዢው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

እርጥበቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 30 ኪሎ የሚመዝን ማዳበሪያ 20 በመቶ እርጥበት ቢኖረው፣ ገዢው 6 ኪሎ ውኃ በከሰል ዋጋ ገዝቷል ማለት ነው፤ ያ ውኃ ደግሞ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ለድስቱ የሚገባውን ሙቀት ይሻማል። ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚበረታበት በጣና ዳርቻ ይህ ጉዳት ቀላል አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈልጉት በዚህም ምክንያት ስለሆነ ለእኛ ማእድ ቤት ከሚንቀለቀል እሳት ይልቅ የሚቆይ ፍም ይጠቅማል።

በዚህ ረገድ ደከረንስ ብልጫ አለው። የአዊ ገበሬዎች፣ በተለይም የፋግታ ለኮማዎቹ፣ ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከሰብል ጋር አብረው ተክለው ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጠው ያከስሉታል። ከግንዱ የወጣውና በደንብ የከሰለው ሲመቱት እንደ ሸክላ ይጮኻል፣ ስብራቱ ያብረቀርቃል፣ እጅንም ብዙ አያጠቁርም፤ ለመያያዝ ትንሽ ቢዘገይም አንዴ ከፈመ በኋላ ሽሮ አብስሎ ለቡና ይተርፋል። ከአገር በቀል ዛፎች፣ ከግራርም ሆነ ከወይራ፣ የሚከስለው በክብደት ሊበልጠው ይችላል። እኔ ግን የተተከለ ዛፍ ከሰል እያለ የወይራን ከሰል መግዛት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የባሕር ዛፍ ከሰል ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ለአጣናና ለማገር ከማይሆነው ቅርንጫፍ ስለሆነ ቀለል ያለ ነው። ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ጀበና ለመጣድ ይመቻል፤ ለወጥ ከሆነ ግን በመሐል መጨመር ግድ ይላል። እሳቱም ስለሚፈናጠር ሕፃናት ባሉበት ቤት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ብሪኬት ከሁሉም ይልቅ መመርመር ያለበት ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ከሌላው እጅግ ይለያያል። ከከሰል ድቃቂ በስታርች ወይም በሞላሰስ (በስኳር ተረፈ ምርት) ተያይዞ የተጨመቀው ፍሙ ረጋ ያለና የሚቆይ ነው። በፎገራ በብዛት ከሚገኘው የሩዝ ገለፈት የሚሠራው ግን፣ ገለፈቱ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህል አመድ ስለሚተው፣ ሲከስልም የአመዱ ድርሻ ይበልጥ ስለሚጨምር፣ የላቀችን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ አየር ያጣው ፍም ይጠወልጋል፣ እኛም ምድጃው ተበላሸ እንላለን። ጣናን ከወረረው እምቦጭ የሚሠራውን ከልቤ የምደግፈው ነው፤ ሐይቁን ያስጨነቀ አረም ለማገዶ ቢውል ማን ይጠላል? ሆኖም እምቦጭም አመዱ ብዙ ነው፤ ማያያዣው ሸክላ አፈር ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሻጩን በምን እንዳያያዘው መጠየቅ፣ አንዱንም ከወገብ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጥሎ መሞከር ይገባል። የሚፈረካከስ ከሆነ ቤት ሳይደርስ ድቃቂ ይሆናል።

ጭስ የሌለው ማገዶ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ሦስቱም ቢሆኑ ግን ሽታም መልክም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣሉ፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ፍም አኑሮ መተኛት ይገድላል። በተለይ የብሪኬት ፍም አመድ ለብሶ የጠፋ ስለሚመስል አብዝቶ ያዘናጋል።

እንግዲህ በየቀኑ ወጥ የሚሠራበት ቤት ደከረንስን፣ ለቡና ብቻ የሚያቀጣጥል ባሕር ዛፍን፣ ንፍሮና አጥንት ለረጅም ሰዓት የሚጥድ ደግሞ በስታርች ወይም በሞላሰስ የተያያዘ ብሪኬትን ቢመርጥ እመክራለሁ። የትኛውንም ቢመርጡ ማዳበሪያው ሳይገለበጥ ሒሳብ አይክፈሉ፤ ሻጩ ካልፈቀደ በኪሎ የሚሸጥ ይፈልጉ፣ የክረምቱን ደግሞ ግንቦት ላይ ገዝተው ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ያኑሩት።