ደሴ ላይ የኬሚስትሪ አስጠኚ ለምትፈልጉ

ታናሽ እህቴን ያስጠኗትን መምህር በአደባባይ ላመስግን ብዬ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ «ጋሼ» ብቻ ልበላቸው። የሚያስጠኑት ፒያሳ አካባቢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ሽቅብ የሚመጡ ተማሪዎችም አሏቸው።

እህቴን መከራ ያሳያት የኤስተር (ከአሲድና ከአልኮል የሚሠራ ውህድ) ፐርሰንት ይልድ፣ ማለትም ከሚጠበቀው ምርት ስንት በመቶው እንደተገኘ ማስላት ነበር። ቀመሩንማ ትወጣዋለች፤ ያገኘሽውን ማግኘት ለነበረብሽ አካፍለሽ በ100 ማባዛት ነው። ጭንቁ ያ «ማግኘት የነበረብሽ» ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ጋሼ ካልኩሌተሯን ወሰዱና «30 ግራም አሴቲክ አሲድ፣ 30 ግራም ኢታኖል አለሽ። ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው?» አሏት። ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። በሞል (በቅንጣት ብዛት) ግን፣ የአሲዱ አንድ ሞል 60 ግራም ስለሆነ 30 ለ60፣ ማለትም ግማሽ ሞል ነው። ኢታኖሉ 30 ለ46 ሲሆን 0.65 ይደርሳል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው አሲዱ ነው፤ ልኩን የሚወስነውም እሱ። ከእሱ የሚወጣው ግማሽ ሞል ኢታይል አሴቴት (ኤስተሩ ማለት ነው) በ88 ሲባዛ 44 ግራም ይሆናል። ላብራቶሪ ውስጥ 28.6 ግራም ከተገኘ ይልዱ 65 ፐርሰንት ነው። በቃ።

«የቀረውስ የት ገባ?» አለች። እኔም ሥራዬን ትቼ ጆሮዬን የሰጠሁት እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሪአክሽኑ ወደኋላም ይመለሳል። አሲዱና ኢታኖሉ በሞል እኩል ቢገቡ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው የደሴ ጣጣ ነው። ምርቱ የሚለየው አፍልቶ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ ነው፤ መጽሐፉ ኢታይል አሴቴት በ77 ዲግሪ ይፈላል ይላል። እሱ ግን በባሕር ወለል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ከ77 በታች ይፈላል። ቴርሞሜትሩ 77 እስኪል የሚጠብቅ ተማሪ ዋናውን ምርት ደፍቶት ቁጭ ይላል። ለካ ንፍሮ አልበስል የሚለውም በዚሁ ሰበብ ነው! እኛ ቤት ሁሌ የሚታማው ከሰሉ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ቁጡ ናቸው። አሃድ ሳይጻፍ የቀረ መልስ አያርሙም። ይልዱ ከ100 በላይ ሲመጣ የፈነደቀ ልጅ ደግሞ «ውሃውን አድርቀኸዋል ወይስ አብረህ መዘንከው?» መባሉ አይቀርም።

ክፍያቸው አይጎዳም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ፈተና ሲቃረብ ቦታ ስለሚሞላ ቶሎ በሉ። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።