የሞላ ማሰሪያ ልገዛ ሄጄ ፓልሜን አሰብሬ ተመለስኩ

ጅማዎች፣ ቴሌግራም ላይ «ቤተሰብ፣ ስትጠብቁት የነበረው ዕቃ ገብቷል፣ ውስን ፍሬ ነው የቀረን» የሚሉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ፎቅ ላይ፣ ከስልክ ከቨር እስከ ጂም ጓንት መስታወቱ ላይ የሚሰቅሉት፣ ዋጋ ስትጠይቋቸው «ኢንቦክስ» የሚሉት። ስም መጥራት አያስፈልገኝም። ትናንት ከሰዓት 6,500 ብሬን በልተው፣ ቀኝ ፓልሜን ሰብረው፣ በፌስታል አድርገው ሸኙኝ።

ፓልም የምለው ጠላቂ እግሩ ላይ የሚያጠልቀውን ክንፍ ነው፣ ብዙ ሰው ፊን ይለዋል። ጅቡቲ የዳይቪንግ ጀልባ ላይ ስድስት ዓመት ስሠራ በፈረንሳይኛው ስንጠራው ስለኖርን አፌ ላይ ቀረ። አሁን ጅማ ተመልሼ ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፤ ግን በየዓመቱ ታህሳስ ሲደርስ የድሮ አለቃዬ ይደውላል። ከህዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ በኩል፣ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ቱሪስቱም እሱን ተከትሎ ይመጣል፣ እኔም ቱሪስቱን ተከትዬ እሄዳለሁ። ሦስት ሳምንት ሠርቼ የልጆቼን የሁለተኛ መንፈቅ ክፍያ ይዤ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ዕቃዬን ሳወጣ የፓልሙ የጎማ ማሰሪያ ተሰነጣጥቋል። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ክረምት ከበጋ ቆርቆሮው ላይ ሰቅዬው ፀሐይ በላው። ስለዚህ አንዴ ልገላገል ብዬ የሞላ ማሰሪያ ፈለግሁ። የጎማው በዘለበት እየጠበቀ እየላላ ነው፣ ዘለበቱ ደግሞ የሚሰበረው ሁልጊዜ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆመህ ልትዘል ስትል ነው። ሞላው ዘለበት የለውም፤ ከተረከዝህ ኋላ ጎተት አድርገህ መልቀቅ ብቻ። ውሃ ውስጥ ጠለቅ ስትል ቡቱ (ከፓልሙ በፊት እግርህ ላይ የምታደርገው የጠላቂ ጫማ) በግፊት ሲሳሳ ሞላው ራሱ ተከትሎ ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚውል ሰው ቢወደው አይገርምም።

ግን ማጥበቂያም ማላሊያም ስለሌለው ልኩ ከመጀመሪያው ልክ መሆን አለበት። ቡቱን አድርገህ፣ ፓልሙን አጥልቀህ፣ ከአንዱ ጎን ጆሮ (ማሰሪያው የሚያያዝባት የፓልሙ ጉጥ) ተነስተህ በተረከዝ ዞረህ እስከ ሌላው ጆሮ በሜትር ትለካለህ። ከዚያ አጠር ያለውን ትወስዳለህ፣ ሞላው ትንሽ ተስቦ እንዲይዝ። በጣም ካጠረ እግርህን ቁርጥማት ያስይዝሃል፣ ከረዘመ ፓልሙ ወልቆ ይሄዳል። ጆሮዋ ደግሞ እንደየፋብሪካው ትለያለች፣ የክሬሲ ሌላ፣ የማሬስ ሌላ፣ የስኩባፕሮ ሌላ። ይሄን ለስንት ቱሪስት እየደጋገምኩ አስተምሬአለሁ መሰላችሁ!

እኔ ራሴ ምን አደረግሁ? ፓልሙን በርጩማ ላይ አስደግፌ ከሩቅ አንድ ፎቶ አነሳሁና «ላርጅ» ብዬ ላክሁ። ሜትር የለ፣ ቡት የለ፣ የጆሮዋ ፎቶ የለ። ደቂቃ ሳይሞላ «ይገጥማል ብሮ፣ ለሁሉም ፊን ነው፣ ስቴንለስ ነው» የሚል መጣ። 3,000 ብር ቴሌብር አደረግሁ። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባይ ጀልባው ላይ ለሳምንት የምስቅበት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ያው ነው፣ ካርጎ ላይ ነው፣ ጉምሩክ ነው፣ ነገ ነው፣ ከነገ ወዲያ ነው። አምስት ሳምንት። ትናንት «ገብቷል፣ ፊኑን ይዘህ ና እኛው እንገጥምልሃለን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ሄድኩ።

ገና ከመድረሴ «ቀሪዋን ጣል አድርግና እንግጠመው» አለ ባለቤቱ። 3,500 ላክሁ። ደረሰኝ ስለው «ለዚች ነው ደረሰኝ?» ብሎ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። (ለምን እንደሳቅሁ እስካሁን አልገባኝም።) ማሰሪያው ከላስቲኩ ወጣ። ሞላው ያብለጨልጫል፤ ጫፉ ላይ ያለችው የጎማ ቀዳዳ ግን የኔን ፓልም ጆሮ በዓይን አይታ የማታውቅ ነች። ጠባብ ናት፣ ቅርጿም ሌላ ነው። «ይሄ የኔ አይደለም» አልኩ። ሥራ የሚሠራላቸው አንድ ጎረምሳ አለ፣ «አይ ፋዘር፣ ጎማ እኮ ነው፣ ይለምዳል» አለና ላይተር አወጣ።

ላይተር! ቆሜ እያየሁት ነው። የጎማውን ጫፍ አሞቀው፣ በስክሩድራይቨር ቀዳዳውን አሰፋው፣ የግራውን ጆሮ ላይ እየተንጠለጠለ ከተተው። ጠማማ ነው፣ ግን ገባ። እዚያው ሱቁ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ወዲያው በስልኳ ፎቶ አነሳችው። እኔ ደግሞ ይሄን ጊዜ እንኳ «በቃ፣ ተወው» አላልኩም። ምናልባት ይሆናል ብዬ ነው መሰለኝ።

የቀኙ እንቢ አለው። ፒንሳ አመጣ። በፒንሳ ማሰሪያውን ይዞ የሚስብ መስሎኝ ነበር፣ እሱ የያዘው የፓልሙን ጆሮ ነው። አንዴ ጠመዘዘው። «ኧረ ቀስ—» ከማለቴ ቋ! አለ። ጆሮዋ ተቀንጥሳ ባንኮኒው ላይ ዘለለችና ከስልክ ቻርጀሮቹ መሀል ገባች። ማንም ምንም አላለም። ልጁ ፒንሳውን እያየ፣ እኔ ጆሮዋን እየፈለግሁ። የኔ ፓልም ላይ ጆሮዋ ከፕላስቲኩ ጋር አብራ የተቀረጸች ናት፣ የምትቀየር ብሎን አይደለችም። ተሰበረች ማለት ፓልሙ አለቀ ማለት ነው።

ባለቤቱ ቀና እንኳ ሳይል «ፕላስቲኩ አርጅቷል እኮ» አለ። ብሬን መልሱልኝ ስል በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት። «እኛ ማሰሪያ ነው የሸጥንልህ፣ ፊን አልሸጥንልህም» ብሎ ጨመረበት። ልጅቷ ደግሞ ከስልኳ ሳትነሳ፣ «ለመሆኑ ጅማ ላይ ባሕር አለ እንዴ? አዌቱ ወንዝ ላይ ነው የምትዋኝበት?» አለች። ሦስቱም ሳቁ። አንድ ከቨር ሊገዛ የመጣ ደንበኛም ሳቀ።

የሚያቃጥለኝ ግን ይሄ አይደለም። ዕቃውን በፌስታል ሲያቀብለኝ «አመሰግናለሁ» ብዬ መውጣቴ ነው። አመሰግናለሁ! ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው መናደድ የጀመርኩት፣ አጂፕ ስደርስ።

ማታ ደግሞ እልህ ያዘኝና አንዱን ማሰሪያ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። የባሕር ውሃ ሊትሩ 35 ግራም ጨው አካባቢ ነው፣ ቀይ ባሕር አካባቢ ከዚያም ይበልጣል፣ እሱን መጥኜ ጨው በጠበጥሁ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ከሞላው ጥምዝ መሀል ቡናማ ዝገት እየወጣ ነው። ባለቤቴ ማጠቢያዬን አበላሸኸው አለችኝ፣ ዝገቱ ባልዲውን ይዞታል። «ስቴንለስ» ያሉት ይሄን ነው። ለጨው ውሃ ደህና የሚባለው 316 የሚሉት ብረት ነው፣ እሱ በአንድ ሌሊት እንዲህ አይሆንም። በየቀኑ ንጹሕ ውሃ ብታለቀልቀው ዓመታት ያገለግላል።

የአክስቴ ልጅ ሕግ ነው የተማረው፣ ደውዬለት ጮኸብኝ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስ ማለት ይችላል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሄን አይሽርም አለኝ። ቀጥሎ «ደረሰኙን ላክልኝ» አለ። ዝም አልኩ። ያለኝ የቴሌብር መልእክት ነው፣ እሱም በግለሰብ ስም። እሱን ይዤ ሰኞ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ፣ የሚሆነውን እናያለን።

የስፖርት ዕቃ ከእነዚህ የምትገዙ ካላችሁ፣ ለክታችሁ እዘዙ፣ ሳትገጥሙ ቀሪውን አትክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ዕቃችሁንም ራሳችሁ ግጠሙ። ላይተር ሲያወጡ ካያችሁ ዕቃችሁን ቀምታችሁ ውጡ።

ይሄን እየጻፍኩ ቻናላቸውን ከፈትኩት። ልጅቷ ያነሳችውን ፎቶ ለጥፈውታል። የኔ ግራ ፓልም፣ ማሰሪያው ጠማማ ሆኖ፣ ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የጻፍኩት የስሜ የመጀመሪያ ፊደል ሳይቀር ይታያል። ከሥሩ «ሌላ ደስተኛ ደንበኛ! ለሁሉም ፊን የሚሆን፣ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የቀረን ቤተሰብ» ይላል። «የቀኙንስ ለምን አታሳዩም?» ብዬ ጻፍኩባቸው። ብሎክ አደረጉኝ።